የካቴ ኮልቪትስ የኅትመት ሥዕሎች በጋራና በግል ትርኢት

የኅትመት ሥዕል ከአንድ ቅርጽ ብዙ ቅጅ ስለሚወጣው፣ ከቀለም ቅብ ሥዕል አጠገብ ሲሰቀል ዝቅ ተደርጎ የሚታይበት ጊዜ አለ። ይህ አስተያየት የተሳሳተ መሆኑን ለመረዳት የጀርመናዊቷን የወይዘሮ ካቴ ኮልቪትስን ትርኢቶች መመልከት ይበቃል። ዘመኑን የምንጠቅሰው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ወይዘሮ ካቴ በ1867 በኬኒግስበርግ ከተማ ተወለዱ። ከ1893 እስከ 1897 የደከሙባቸው ስድስቱ የሸማኔዎች ዐመፅ ሥዕሎች፣ ሦስቱ በድንጋይ ላይ ተሥለው፣ ሦስቱ ደግሞ በመዳብ ላይ በአሲድ ተቀርጸው የታተሙ ናቸው። በ1898 በታላቁ የበርሊን የሥነ ጥበብ ትርኢት ከሌሎች ሠዓሊዎች ሥራ ጋር ቀረቡ። ዳኞቹ ሜዳልያ ይገባቸዋል ቢሉም፣ ንጉሠ ነገሥት ዳግማዊ ዊልሄልም ከለከሉ። ብዙ ሥራ በተሰበሰበበት አዳራሽ አስቀድሞ የሚታየው የሥዕሉ ርእስ ነው፤ የተራበውን ሸማኔ ቤት ጨለማ እጅ እንዴት እንደ ሠራው የሚመረምር ግን ጥቂት ነው።

በ1917፣ ኀምሳ ዓመት ሲሞላቸው፣ በበርሊን በፓውል ካሲረር የሥዕል ማሳያ ሥራቸው ለብቻው ታየ። በእንዲህ ያለው ትርኢት ተመልካች አንዱን ወረቀት ከሌላው ጋር ስለሚያስተያይ፣ ሠዓሊዋ የመረጡትን ከተዉት ለመለየት ይችላል።

ይሁን እንጂ የጋራ ትርኢትን ጥቅም ልንክድ አይገባንም። ልጃቸው ፔተር በ1914 በጦር ሜዳ ስለ ሞተ፣ ኀዘናቸውን በመዳብና በድንጋይ ሞክረውት አላረካቸውም ነበር። በ1920 በበርሊን በአንድ የጋራ ትርኢት የኤርንስት ባርላህን የእንጨት ቅርጽ ኅትመት ባዩ ጊዜ ግን መንገዱ ተገለጸላቸው። «ጦርነት» የተባሉት ሰባቱ የእንጨት ቅርጾች በ1923 ታትመው ወጡ። ከእነዚህ «ወላጆች» የተባለውን እናስበልጣለን፤ አባትና እናት ተንበርክከው፣ ፊታቸው ተሰውሮ፣ እንደ አንድ ጥቁር ድንጋይ ሆነዋል። «ፈቃደኞቹ» በተባለው ሞት ከበሮ እየመታ ወጣቶቹን ይመራል፤ ይህ ምልክት ኀይል ቢኖረውም፣ ነገሩን አስቀድሞ ስለሚያስረዳን የ«ወላጆች»ን ያህል ልብ አይነካም።

ናዚዎች በ1936 ሥራቸው ለሕዝብ እንዳይታይ አገዱ። በ1943 የበርሊን ቤታቸው በአየር ድብደባ ሲፈርስ ብዙ ሥራ ጠፋ። እርሳቸውም በ1945 ዐረፉ። ነገር ግን የኅትመቶቹ ቅጆች በየአገሩ በሰው እጅ ነበሩና፣ በ2024 የኒው ዮርክ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም የሥራቸውን ሰፊ ትርኢት ለማሳየት ቻለ። እንግዲህ የቅጅውን ብዛት እንደ ጉድለት ለሚቈጥሩ ሰዎች መልሳችን ይኸው ነው። ትርኢት የሚያዘጋጁ መምህራንም የአንድ የኅትመት ሠዓሊን ሥራ በተከታታይ ሰቅለው ቢያሳዩ፣ ተማሪው ከርእሱ አልፎ የእጁን ሥራ ለመመርመር ይለምዳል ብለን እናምናለን።