ድሩን ማን ነካው?

እንግሊዝ አገር፣ ከበርንሊ ከተማ ወጣ ብላ በምትገኘው ሃርል ሳይክ መንደር፣ ኩዊን ስትሪት የሚባል የጥጥ ሽመና ፋብሪካ አለ። በ1894 ተገንብቶ በማግስቱ ዓመት ሥራ ጀመረ፤ በ1982 ምርት አቁሞ በኋላ ሙዚየም ሆነ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። 500 የፈረስ ጉልበት ያለው የእንፋሎት ሞተሩ ከነዕቃው ተጠብቋል። በአንድ ሰፊ አዳራሽ ውስጥ ደግሞ 300 ገደማ የሽመና ማሽኖች ጎን ለጎን ተደርድረዋል። ሥራ ሲጀምሩ ጩኸታቸው ጆሮ ስለሚደፍን የዚያ አገር ሸማኔዎች የሚግባቡት አንዱ የሌላውን ከንፈር እያነበበ ነበር።

የጎብኚ ዓይን የሚያርፈው ማሽኑ ፊት ላይ ነው፤ መወርወሪያው ወዲያና ወዲህ ሲበር፣ ማበጠሪያው ማጉን ሲመታ፣ ጨርቁ ቀስ እያለ ሲጠቀለል። እኔ ግን የዚህ ማሽን የእጅ ሥራ ብስለት ከሁሉ በላይ የሚታየው በስተጀርባ፣ ጎንበስ ካላሉ በማይታይ ቦታ ነው እላለሁ። እዚያ ድሩ የተጠቀለለበት ትልቅ ግንድ አለ፤ የፋብሪካ ሰዎች ቢም ይሉታል። ቢሙ በሁለቱም ጫፍ ክብ የብረት አንገት አለው። በአንገቱ ላይ ሰንሰለት ተጠምጥሟል፤ የሰንሰለቱ አንዱ ጫፍ ከማሽኑ አካል ጋር ታስሯል፣ ሌላው ጫፍ ከአንድ የብረት ዘንግ ጋር ተያይዟል፣ በዘንጉ ላይም ቀልጦ የፈሰሰ ድፍን ብረት ተንጠልጥሏል። የድሩን ውጥረት የሚቆጣጠረው ይኸው ነው። ሞላ የለው፣ ጥርሳም ጎማ የለው፤ ሰንሰለትና ብረት፣ በመካከላቸውም ሰበቃ ብቻ።

ላንክሻየር የሚባለው የዚህ ማሽን ዓይነት በ1842 በብላክበርን ከተማ በጄምስ ቡሎና በዊልያም ኬንዎርዚ እጅ መልክ ያዘ። አሠራሩ እንዲህ ነው። ፊት ለፊት ያለው ጥርሳም ጎማ የተሸመነውን ጨርቅ በየምቱ ጥቂት ይስባል። ስቦሽ ወደ ኋላ ሄዶ ድሩን ይወጥራል። ውጥረቱ ሰንሰለቱ አንገቱን ከያዘበት ኃይል ሲያልፍ ቢሙ ለዓይን በማይታይ መጠን ይንሸራተትና ድር ይለቃል፤ ወዲያውም ተይዞ ይቆማል። በደቂቃ ከመቶ ብዙ አልፎ ይህ ይደጋገማል።

ጥበቡ ያለው የሰንሰለቱ ጥምጥም ላይ ነው። በክብ ነገር ላይ የተጠመጠመ ገመድ ወይም ሰንሰለት የመያዝ ኃይሉ ዙር በተጨመረ ቁጥር የሚያድገው በመደመር ሳይሆን በመባዛት ነው። ሰንሰለቱ በብረቱ ላይ ያለው የሰበቃ መጠን 0.2 ነው እንበል። አንድ ሙሉ ዙር ሲጠመጠም የጠበቀው ጫፍ የላላውን ጫፍ 3 እጥፍ ተኩል ያህል ይሸከማል። ሁለተኛ ዙር ብትጨምሩ 7 እጥፍ ሳይሆን 12 እጥፍ ያልፋል። አሁን አንድ ሰው በአንገቱ ላይ ጥቂት ዘይት ጠብ አደረገና ሰበቃው ወደ 0.1 ወረደ እንበል። የአንዱ ዙር 3 እጥፍ ተኩል አሁን ሁለት እጥፍ እንኳ አይሞላም፤ ከ1.9 በታች ይሆናል። ክብደቱ የተንጠለጠለው በላላው ጫፍ ከሆነ ደግሞ ቢሙን የሚይዘው ኃይል ወደ አንድ ሦስተኛ ያሽቆለቁላል። ክብደቱን ማንም አልነካውም፣ ከቦታውም አልተነሳም፤ ነገር ግን ማሽኑ ሌላ ማሽን ሆኗል። ለዚህም ነው ልምድ ያላቸው ሰዎች አንገቱን በዘይት ሳይሆን በደረቅ የግራፋይት ዱቄት የሚያለሰልሱት። ዝገትም እርጥበትም በዚያው ልክ ጠላቶቹ ናቸው።

ታዲያ ክብደቱ ማንም እንዳይነካው ለምን በጓጉንቸር አይዘጋም? ይህ ጥያቄ የሚነሳው ነገሩን ከሩቅ ለሚያይ ሰው ነው። ቢሙ ሙሉ ሲሆን የጥቅሉ ዲያሜትር 50 ሳንቲሜትር ነበር እንበል፤ ድሩ እያለቀ ሲሄድ ወደ 15 ይቀንሳል። ሰንሰለቱ የሚይዘው ያንኑ አንገት በዚያው ኃይል ነው፤ ድሩ የሚስበው ግን ወደ መሐል እየቀረበ ከሚሄድ ዙር ላይ ነው። ክብደቱ ባለበት ቢተው በመጨረሻ በእያንዳንዱ ክር ላይ ያለው ውጥረት ከመጀመሪያው 3 እጥፍ በላይ ይሆናል፤ ክሩም ይበጣጠሳል። ስለዚህ ሸማኔዋ ድሩ ባነሰ ቁጥር ክብደቱን በዘንጉ ላይ ወደ ውስጥ መግፋት ግዴታዋ ነው። ቆልፈህ ያስቀመጥኸው ውጥረት በራሱ ጊዜ የተበላሸ ውጥረት ነው። የዚህ ሥራ ሙሉ ችግር እዚህ ላይ ነው፤ መነካት ያለበትን ነገር ያለ አግባብ ከመነካት እንዴት ትጠብቀዋለህ?

ያለ አግባብ የሚነካው ሰው ክፉ ነው ማለት አይደለም። የላንክሻየር ሸማኔ የሚከፈላት በሸመነችው ልክ ነበር፤ በ1892 ለተራ ጨርቅ የወጣው አንድ ወጥ የዋጋ ዝርዝር ይህን በጽሑፍ አጽንቶታል። አብዛኛውን ጊዜ አንዷ ሴት አራት ማሽን ትይዛለች። ክር በተበጠሰ ቁጥር ማሽኑ ይቆማል፣ ማሽኑ በቆመ ቁጥር ገቢዋ ይቆማል። ክብደቱን ትንሽ ብታቀል ክሩ ይታገሣል። ማሽኖቹን የሚያስተካክለው ሰው፣ በዚያ አገር አጠራር ታክለር፣ የእሱም ክፍያ ከሸማኔዎቹ ገቢ ላይ በመቶኛ ይሰላ ነበር፤ እሱም የሚጣደፍበት ምክንያት ነበረው። በሌላ በኩል ማጉ ጥቅጥቅ ብሎ መግባት ባለበት ጨርቅ ላይ ድሩ ሲጠብቅ ማበጠሪያው በቀላሉ ይመታል፣ መወርወሪያው የሚያልፍበት የድር አፍም ጥርት ብሎ ይከፈታል። ስለዚህ ማላላትም ማጥበቅም የየራሳቸው ፈተና አላቸው። ዋጋውን የሚከፍለው ጨርቁ ነው፤ በላላበት ቦታ ማጉ ይሳሳል ወይም ይንገዋለላል፣ በጠበቀበት ቦታ ይጠቀጠቃል፣ ቀለም ሲነከር ደግሞ ያ ሁሉ መስመር ሆኖ ብቅ ይላል።

ክብደቱ የሚንጠለጠልበትን ዘንግ ቀርባችሁ ተመልከቱት። ጀርባው ለስላሳ አይደለም፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ በእኩል ርቀት የተቆረጡ ስርጉዶች አሉት፣ የክብደቱ ማንጠልጠያም የሚቀመጠው ከነዚህ በአንዱ ውስጥ ነው። የስርጉዶቹ የመጀመሪያ ጥቅም ማሽኑ ሲንቀጠቀጥ ክብደቱ እንዳይንሸራተት ነው። ሁለተኛው ጥቅማቸው ግን ለእኔ ይበልጥ ያስደንቀኛል፤ ውጥረቱን የሚቆጠር ነገር አደረጉት። ታክለሩ ሲያልፍ ጎንበስ ብሎ «ከጫፍ አራተኛው ላይ ነበር፣ አሁን ስድስተኛው ላይ ነው» ማለት ይችላል። ቁልፍ የለም፣ ክልከላ የለም። የሚነካው ሰው ይነካል፤ መንካቱ ግን በግልጽ ይነበባል። ለስላሳ ዘንግ ቢሆን ኖሮ በሁለት ጣት የሚደረግ ለውጥ ምንም ምልክት አይተውም ነበር።

ከዘንጉም የበለጠ አንደበት ያለው ምስክር ጨርቁ ራሱ ነው። ጥሩ የጨርቅ መርማሪ ጉድለቱን አይቶ አይቆምም፣ ርቀቱን ይለካል። ሰንሰለቱ የተጠመጠመበት አንገት በትክክል ክብ ካልሆነ፣ ቢሙ አንድ ጊዜ በዞረ ቁጥር ውጥረቱ ይጠብቅና ይላላል። የድሩ ጥቅል ዲያሜትር 40 ሳንቲሜትር ከሆነ ዙሪያው ወደ 126 ሳንቲሜትር ነው፤ ጨርቁ ሲሸመን ትንሽ ስለሚያጥር ያው መስመር ከዚያ በጥቂቱ ባነሰ ርቀት እየተመላለሰ ይመጣል። ድሩ እያነሰ ሲሄድ ርቀቱም አብሮ ያጥራል። እንዲህ በሥርዓት የሚመላለስ ጉድለት የብረት ጉድለት ነው። አንድ ጊዜ ብቻ ታይቶ፣ ከዚያ ወዲያ ያለው ጨርቅ ሁሉ ከበፊቱ ሳስቶ ወይም ጠብቆ ከቀጠለ ግን እጅ ገብቶበታል። ሜትርና ትዕግሥት ብቻ የሚጠይቅ ምርመራ ነው።

እኛ አገር ይህን ማንበብ የሚያውቅ ዓይን አለ። ሽሮ ሜዳ ከጋሞ ደጋ በመጡ የዶርዜ ሸማኔዎች ትታወቃለች። በእነሱ የጉድጓድ ሽመና ሥራ ላይ ሸማኔው እግሩን ጉድጓድ ውስጥ አድርጎ ይቀመጣል። ድሩ ከፊቱ ሜትሮች ርቆ ከተተከለ ችካል ጋር ተወጥሯል፤ ገመዱ ብዙ ጊዜ ተመልሶ ወደ ሸማኔው እጅ ስለሚመጣ ከመቀመጫው ሳይነሳ ያላላዋል፣ ያጠብቀዋል። የተሸመነው የሚጠቀለልበት እንጨት ጭኑ ላይ ነው፤ እንዳይዞር በቀዳዳው በገባች ትንሽ እንጨት ተይዟል። ድሩ አብዛኛውን ጊዜ የፋብሪካ ክር፣ ማጉ በእንዝርት የተፈተለ ነው። የእጅ ፈትል ውፍረቱ ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ ሸማኔው የድሩን ልክ በየጊዜው በእጁ መዳፍ ይጠይቃል። እዚህ ቁጥርም ስርጉድም የለም፤ ልኩ ሰውየው ራሱ ነው። ስለዚህ አንዱ የጀመረውን ነጠላ ሌላው ቢጨርሰው፣ ወደ ብርሃን ያነሳው ሰው እጅ የተቀየረበትን ቦታ ሊያገኘው ይችላል። ነጠላ ስስ ነው፣ ምንም አይደብቅም።

ወደ ፋብሪካው እንመለስ። ቀጣዩ ታላቅ ሥራ ክብደቱን የመግፋቱን ግዴታ ከሸማኔዋ ትከሻ ያወረደው ነው። ድሩ ከቢሙ ወጥቶ ወደ ፊት ከመታጠፉ በፊት የሚያልፍበት ከኋላ ያለ ድጋፍ በሞላ ላይ እንዲወዛወዝ ተደረገ። ድሩ ሲጠብቅ ድጋፉን ይጫነዋል፤ ድጋፉ ሲወርድ ከሱ ጋር የተያያዘ ዘንግ ተጨማሪ ጥርስ ይገፋል፣ ቢሙም ተጨማሪ ድር ይለቃል። ሲላላ ደግሞ ተቃራኒው ይሆናል። ጥቅሉ ወፍራምም ይሁን ቀጭን ድሩ የራሱን ልክ ራሱ ይጠይቃል።

በዚህ ዓይነት ሥራ ውስጥ በተለይ የምወደው ቢሙን የሚያዞረው የጥርስ ዓይነት ነው። እንደ ብሎን የተጠማዘዘ አጭር ዘንግ በአንድ ጥርሳም ጎማ ላይ ተጋድሞ ይዞራል። የጥርሱ ዘንበላ አነስተኛ ስለሆነ ዘንጉ ጎማውን ማዞር ይችላል፤ ጎማው ግን ዘንጉን ማዞር አይችልም። ድሩ የፈለገውን ያህል ቢስብ፣ ሰውም ቢሙን በሁለት እጁ ይዞ ቢታገል፣ ንቅንቅ አይልም። ይህ ቁልፍ ሳይኖረው የተቆለፈ ነው፤ የሚቆልፈው የጥርሱ ቅርጽ ብቻ። እንዲህ ያለ ጥርስ በንጽሕና ተቆርጦ፣ ሳይንገጫገጭና ሳይጠብቅ ሲገጥም ማየት የብረት ሠራተኛ ክብር ምን እንደሆነ ያሳያል።

ቀሪው የሞላው ዳዶ ነው፤ ልኩ የሚወሰነው እዚያ ነው። አሁን ሸማኔዋ ዳዶውን የምትነካበት የዕለት ምክንያት ስለሌላት መጠበቅ ይቻላል። መካኒኩ ልኩን ካገኘ በኋላ ሁለተኛ ዳዶ በላዩ ያጠብቃል፣ ከዚያም ከዳዶው ጀምሮ ብሎኑን አልፎ እስከ ማሽኑ አካል አንድ ቀጭን የቀለም መስመር ያሰምራል። ቀለሙ ማንንም አያግድም፤ መፍቻ የያዘ ሰው በአንድ አፍታ ይፈታዋል። መስመሩ ግን ይሰበራል፣ መልሶም በትክክል አይገጥምም። የመብራት ቆጣሪ ላይ እንዳለችው የእርሳስ ማኅተም ጥንካሬው በመናገሩ ነው። እኔ ከብዙ የብረት ሽፋንና ጓጉንቸር ይልቅ ይህን መስመር እመርጣለሁ። ሽፋን የተነካውንም ያልተነካውንም እኩል ይደብቃል።

የዛሬዎቹ ማሽኖች ድጋፉ ላይ ባለ መለኪያ ውጥረቱን በኒውተን ያነባሉ፣ ሞተርም ቢሙን በዚያው ልክ ያዞራል። ልኩ በስክሪን ላይ ይገባል፤ ለሸማኔ፣ ለመካኒክና ለኃላፊ የተለያየ የይለፍ ቃል ይሰጣል። ጥሩ ነው፤ ነገር ግን የይለፍ ቃሉ አንድ ጊዜ ለሁሉም ከታወቀ፣ ያለ አግባብ የተለወጠው ቁጥር እንደ ትክክለኛው ቁጥር ሆኖ ስክሪኑ ላይ ይቀመጣል፤ የተሰበረ መስመር የለም። ስለዚህ የስርጉዱን ጥበብ የሚወርሰው የይለፍ ቃሉ ሳይሆን መዝገቡ ነው፤ ልኩ መቼ፣ ከስንት ወደ ስንት፣ በማን ስም ተቀየረ የሚለው። ቁጥሩ ለሸማኔዋ ጭምር ሊታያት ይገባል፤ እንዳትቀይረው መከልከል አንድ ነገር ነው፣ እንዳታየው መከልከል ሌላ።

ይህን አጥብቄ የምለው ምልክቱ ከማንም በፊት የሚጠቅመው ያልነካውን ሰው ስለሆነ ነው። በጨርቅ ጉድለት ምክንያት ከሸማኔ ደመወዝ ቅጣት መቁረጥ በላንክሻየር የረጅም ጊዜ የሠራተኞች ቅሬታ ነበር። ቀለሙ ሳይሰበር ቆሞ፣ ጨርቁ ላይ ያለው መስመር በየ126 ሳንቲሜትሩ ገደማ የሚመላለስ ከሆነ ግን ክርክሩ አልቋል፤ ቢሙ ወርዶ ጠማማው ክፍል ቶርኖ ላይ ይወጣል፣ የሸማኔዋም ደመወዝ ሙሉውን ይከፈላል።