የሸረሪት ድር በበግ እግር ውስጥ

የእጅ ወይም የእግር ነርቭ ተቆርጦ መካከሉ ሲጎድል፣ ቀዶ ሐኪሙ አብዛኛውን ጊዜ ከታካሚው ከራሱ ይበደራል፤ ከባቱ ጀርባ ሱራል የተባለውን ነርቭ አውጥቶ ክፍተቱን ይሞላበታል። ብድሩ ግን አይመለስም፤ የእግሩ ውጫዊ ጠርዝ ደንዝዞ ይቀራል። በጀርመን ሐኖቨር እነ ክሪስቲነ ራድትከ ሠርተው እ.ኤ.አ. በ2011 በፕሎስ ዋን መጽሔት ያሳተሙት ጥናት የተነሣው ይህን ብድር ለማስቀረት ነው።

ዘዴው ደፋር ነው። ሕያው ህዋሳቱ ታጥበው የወጡለት የደም መልስ ሥር ቱቦ ይሆናል፤ ውስጡ ኔፊላ ከተባለች ትልቅ ሸረሪት የተመዘዘ ድር ይሞላል። ከዚያ ከበጉ ቲቢያል ነርቭ 6 ሴንቲ ሜትር ተቆርጦ ይወጣና ቱቦው በቦታው ይሰፋል። የጥናቱ ጉልበት እዚህ ርዝመት ላይ ነው። የአይጥ ነርቭ አጭር ክፍተትን ብዙም ሳይረዱት ስለሚሻገር ተመራማሪን ያሞኛል፤ 6 ሴንቲ ሜትር ግን አያሞኝም። አክሶን፣ ማለትም የነርቭ ህዋሱ ረጅም ክር፣ በቀን 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሚያድግ ክፍተቱን ማቋረጥ ብቻውን ሁለት ወር ይፈጃል። እነሱ 10 ወር ጠበቁ። አክሶኖቹ ተሻግረው፣ ሽዋን የተባሉት አጃቢ ህዋሳት ማይሊን የተባለውን ሽፋን አልብሰዋቸው፣ በሽፋኑ መካከል ያሉት የራንቪዬ አንጓዎች እንኳ ከነሶዲየም መተላለፊያቸው በማይክሮስኮፕ ታዩ። ቱቦው ውስጥ የበቀለው ጠባሳ ብቻ እንዳልሆነ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አልጠይቅም።

ቅሬታዬ ከርእሱ ይጀምራል። ድሩ የነርቩን ዕድገት «ያሻሽላል» ይላል። ከምን ጋር ሲነጻጸር? የቀረበው ማነጻጸሪያ የበጉ የራሱ ነርቭ ነው፤ ድር ያልገባበት ባዶ የደም ሥር ከጎኑ አልተሰለፈም። ባዶ ሥር በረጅም ክፍተት ላይ ተጨፍልቆ እንደሚዘጋ ድሮም ይታወቃል፣ ሙከራው ትርፍ ነው የሚል ይኖራል። ይሁን፤ ግን ምስጋናውን ለድሩ ብቻ የሰጠ ርእስ የድሩን ድርሻ ለይቶ ማሳየት ነበረበት። በኤሌክትሪክ ልኬቱ በሁለቱ ወገኖች መካከል ጉልህ ልዩነት አለመገኘቱም «ውጤታማ አማራጭ» ወደሚል ድምዳሜ ፈጥኖ ተሸጋግሯል። ልዩነት አለመታየቱ እኩል ናቸው አያሰኝም፤ እኩልነትን ለማሳየት ሌላ ዓይነት ስሌትና ብዙ በጎች ያስፈልጋሉ። ደግሞስ በግ ሸሚዝ አይቆልፍ፣ መርፌ አያነሣ!

የአቅርቦቱ ነገርም አለ። ድሩ ከሕያው ሸረሪት እየተመዘዘ የሚገኝ ነው፤ ሸረሪት ደግሞ እንደ ሐር ትል በገፍ አይረባም። ዘዴው ወደ ቀዶ ጥገና ክፍል ይግባ የሚል ሁሉ ከበጎቹ ውጤት እኩል ይህንን መመለስ ይኖርበታል።