የጣና ዳር ሰው ቁመትና የለኪዎቹ ስሕተት

በ1937 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የኢጣልያ ንጉሣዊ አካዳሚ በጆቶ ዳይኔሊ መሪነት አንድ የጥናት ጓድ ወደ ጣና ሐይቅ ላከ። ጓዱ ስለ ሐይቁ ውኃ፣ ስለ ምድሩ አቀማመጥና በውኃው ውስጥ ስለሚኖሩት ፍጥረታት የሰበሰበው ነገር ብዙ ነው፤ ከዚያ ወዲህ የመጡ ተመራማሪዎችም ተጠቅመውበታል። የሕዝቡን አካል የመለካቱ ሥራ ግን የተሰጠው ለአንትሮፖሎጂስቱ ለሊዲዮ ቺፕሪያኒ ነበረ። በዚህ ጽሑፍ ልንተቸው የምንወደው ይህንኑ ዓይነት ሥራ፣ ይልቁንም የቆመበትን ሐሳብ ነው፤ ሐሳቡ ከለኪው ጋራ አብሮ አልተቀበረምና።

ቺፕሪያኒ በሐምሌ 1938 የወጣውን የኢጣልያን የዘር መግለጫ በስማቸው ካጸኑት ዐሥር ሊቃውንት አንዱ ነው። መግለጫው ዘር የሚባለው ነገር ፈጽሞ የአካልና የደም ጉዳይ መሆኑን የሚያውጅ ነበረ። የተለካውም ሕዝብ ቢሆን፣ በአዲስ አበባ በየካቲት 12 ቀን የተፈጸመው እልቂት ገና ባልተረሳበት በዚያው ዓመት፣ በወራሪ ጦር ጥላ ሥር የሚኖር ሕዝብ ነበረ። ገበሬው በለኪው ፊት ሲቆም እምቢ ለማለት ነጻነት ነበረው ለማለት አይቻልም።

ይህን ብሎ ማቆም ቀላል ነው፤ ቀላል በመሆኑም አይበቃም። ሜትር በራሱ ፋሺስት አይደለም። 165 ሳንቲ ሜትር የሆነን ሰው ወዳጅም ለካው ጠላት 165 ነው። (ሰው ከጧት እስከ ማታ አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል እንደሚያጥር ጠንቃቃ ለኪ አይዘነጋውም፤ ይህ ግን ሌላ ነገር ነው።) ስሕተቱ የሚመጣው ቁጥሩ ከተጻፈ በኋላ፣ «ይህ የዚህ ነገድ ቁመት ነው» ተብሎ እንደ አፍንጫ ቅርጽና እንደ ጠጕር ዓይነት በዘር ምልክትነት ሲመዘገብ ነው። ያደገ ሰው ቁመት የዘሩ ብቻ ሳይሆን የልጅነቱም መዝገብ ነው።

ነገሩን በራሱ በዘመኑ እንፈትነው። በ1937 የ48 ዓመት ጎልማሳ የነበረ የጣና ዳር ሰው የተወለደው በ1889 ነው። ከዚያ አንድ ዓመት አስቀድሞ ጎንደር በደርቡሽ ጦር ተቃጥላለች። በዚያው ወራት የገባው የከብት በሽታ በሬውንና ላሚቱን ፈጀ፤ በሬ ያጣ ገበሬ ሳያርስ ቀረ፤ አባቶቻችን «ክፉ ቀን» ያሉት ረኀብ እስከ 1892 ድረስ ዘለቀ። እንግዲህ ይህ ሰው ጡት የጠባው ከተራበች እናት ነው፤ ጡት ሲጥልም ወተት የሚባል ነገር በአገሩ አልነበረም። ከእርሱ በዐሥራ አምስት ዓመት የሚያንሰው ወንድሙ ያደገው ከብቱ ዳግመኛ ከረባ በኋላ ነው። ሁለቱ የአንድ አባትና የአንዲት እናት ልጆች ናቸው፤ ሁለቱም በአንድ ተራ ሰልፍ ቆመው ይለካሉ። አማካዩን ቁጥር ያወጣ ሰው የለካው ማንን ነው? እርግጥ ረኀብ ደካማውን ልጅ አስቀድሞ ስለሚገድል፣ የተረፉት ምናልባት ጠንካሮቹ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ሰውም ካረጀ በኋላ ይጐብጣል። ስለዚህ ልዩነቱ ወደ የትኛው ወገን እንዳዘነበለ ሳያጣሩ መፍረድ አይገባም። ይህ ሁሉ ሳይመረመር «የነገዱ ቁመት» የሚል ቃል መጻፍ ግን ከቶ አይቻልም።

ለኪዎቹ ይህን ሊያውቁ አይችሉም ነበር የሚል ጠበቃ ቢነሣ መልሱ ቅርብ ነው። ፈረንሳዊው ሐኪም ሉዊ ረኔ ቪየርሜ ገና በ1829 የአገሩን ምልምል ወታደሮች ቁመት መርምሮ፣ ምግቡና ቤቱ በተሻለበት፣ የልጅነት ድካምም በቀነሰበት ስፍራ ሰው ረጅም እንደሚሆን ጽፎ ነበር። ፍራንዝ ቦአስ ደግሞ በአሜሪካ ወደ 18,000 የሚጠጉ ስደተኞችንና ልጆቻቸውን አስለክቶ፣ በዚያ የተወለዱት ልጆች በአካላቸው ከወላጆቻቸው እንደ ተለዩ በ1911 ገደማ አስታወቀ። ይህ የጣናው ጓድ ከመነሣቱ ከሩብ ምዕተ ዓመት በፊት ለሙያው ሰዎች ሁሉ የታወቀ ክርክር ነበረ። ያልታየው ስላልነበረ ሳይሆን ስላልተፈለገ ነው።

በዚህ ስፍራ የተቃራኒውንም ወገን ስሕተት ማንሣት ይገባል። ዘር ምንም አያደርግም የሚሉ አሉ፤ ይህም እውነት አይደለም። ሁሉም ጠግቦ በሚያድግበት ሕዝብ መካከል፣ አንዱ ከሌላው የሚረዝምበት ምክንያት ከመቶ ሰማንያ ያህሉ ከወላጅ የሚወረስ ነው። በ2022 የወጣ አንድ ጥናት ከ5 ሚሊዮን በላይ ሰዎችን መርምሮ ከቁመት ጋራ የተያያዙ ከ12,000 የሚበልጡ የውርስ ምልክቶችን አግኝቷል። ነገር ግን በአንድ ማሳ ውስጥ ባሉት አገዳዎች መካከል ያለው ልዩነት አንድ ነገር ነው፤ በሁለት ማሳዎች መካከል ያለው ልዩነት ሌላ ነገር ነው። ከአንድ ጎተራ የወጣ በቆሎ አንዱ በለማ፣ ሁለተኛው በተሟጠጠ መሬት ቢዘራ፣ በየማሳው ውስጥ ያለው ልዩነት ከዘሩ ይሆናል፤ በማሳና በማሳ መካከል ያለው ግን ከመሬቱ ነው። ይህን ለማንም ገበሬ ማስረዳት አያስፈልግም።

ማስረጃውም ከእርሻ ምሳሌ ያለፈ ነው። ወደ አሜሪካ የተሰደዱ የጓቲማላ ማያዎች ልጆች በአገራቸው ከቀሩት እኩዮቻቸው ዐሥር ሳንቲ ሜትር ያህል በልጠው ተገኝተዋል። የሆላንድ ወንድ በዐሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት አጋማሽ 165 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነበረ፤ በ1996 የተወለዱት ግን 182.5 ደርሰዋል። የዓለም ጤና ድርጅት በብራዚል፣ በጋና፣ በህንድ፣ በኖርዌይ፣ በኦማንና በአሜሪካ በደኅና ሁኔታ የሚያድጉ ሕፃናትን አስለክቶ በ2006 ባወጣው መለኪያ፣ የስድስቱ አገሮች ልጆች እስከ አምስት ዓመታቸው እጅግ በተቀራረበ መጠን እንደሚያድጉ ታይቷል።

አሁን ወደ ሐይቁ ዳር እንመለስና ዘንዘልማን እንመልከት። ከባሕር ዳር ተነሥቶ አባይን ተሻግሮ ወደ ጎንደር የሚሄድ መንገደኛ ጥቂት ኪሎ ሜትር እንደ ተጓዘ ያገኛታል፤ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የግብርና ኮሌጅ ያለውም በእርሷ ነው። በዙሪያዋ ጤፍ፣ ዳጉሳና በቆሎ ይመረታል፤ ቀረሶና አምባዛ የሚሰጠው ሐይቅም ሩቅ አይደለም። አገሩ የእህል አገር ነው። ይሁን እንጂ በ2016 በተደረገው የሕዝብና የጤና ጥናት፣ በአማራ ክልል ከአምስት ዓመት በታች ካሉት ሕፃናት ከመቶ 46ቱ ለዕድሜያቸው ከሚገባው ቁመት እጅግ ያነሱ፣ ዛሬ «የቀነጨሩ» የሚባሉት ነበሩ። በመላው አገር ከመቶ 38፣ በአዲስ አበባ 15 ነበሩ። ጎተራው ሙሉ በሆነበት አገር ልጅ ስለ ምን ይቀጭጫል?

የሆድ መሙላትና የአካል ማደግ አንድ አለመሆናቸውን ከዚህ ማወቅ ይቻላል። እንቁላሉ በገበያ ቀን ይሸጣል፤ ዓሣው ወደ ከተማው ምግብ ቤት ይሄዳል፤ ለሕፃኑ የሚቀርበው እንጀራ በሽሮ፣ ከዚያም በፊት ቀጭን አጥሚት ነው። በዚያው በ2016ቱ ጥናት በአገሪቱ ከስድስት ወር እስከ ሁለት ዓመት ካሉት ሕፃናት ተገቢውን ምግብ ያገኙት ከመቶ 7ቱ ብቻ ነበሩ። ቤተ ክርስቲያን ሕፃናትን ጹሙ አትልም፤ ነገር ግን በብዙ ቤት ድስቱ አንድ በመሆኑ፣ እናቲቱ የጾም ዕቃዬ ይነካብኛል ብላ ለልጁ የፍስክ ምግብ ሳትሠራ ትቀራለች። እንገሩን ለአራስ ልጅ አይሆንም ብሎ ማፍሰስም በአገሩ የኖረ ልማድ ነው። የወባው፣ የተቅማጡና ከሐይቁ ውኃ የሚገኘው የቢልሃርዝያ በሽታ በበኩሉ፣ ለአጥንት ይውል የነበረውን ምግብ ይነጥቃል።

ከሁሉም ይልቅ ለኪውን የሚያሳስተው የእናቲቱ ነገር ነው። በልጅነቷ የቀነጨረች ሴት፣ በዚያ ላይ እድገቷን ሳትጨርስ የተዳረች፣ ትንሽ ልጅ ትወልዳለች፤ ያቺ ሴት ልጅ ደግሞ በተራዋ እንዲሁ። አጭርነቱ ከእናት ወደ ልጅ ሲተላለፍ ከውጭ ለሚመለከተው ሰው ፍጹም ዘር ይመስላል። የሚወረሰው ግን ችግሩ ነው። ታንኳ ከደንገል በመሥራት የሚታወቀው የወይጦ ሕዝብ ለረጅም ጊዜ በጎረቤቶቹ ተንቆ፣ መሬት አጥቶ የኖረ ነው። ከእነዚህ ሰዎች መካከል አንዱን ለክቶ አጭር ቢያገኘው በደም ልዩነት የሚተረጉም ለኪ፣ የመሬት ማጣትን ታሪክ በሜትር አንብቦ ዘር ብሎ ይጽፋል።

ይህ የቃላት ክርክር ብቻ አይደለም። በአገራችን ለውትድርናም ሆነ ለአውሮፕላን አስተናጋጅነት የቁመት ልክ ይጠየቃል። በሕፃንነቱ የተጎዳ ልጅ አድጎ በዚያው በጉዳቱ ምክንያት ከበሩ ይመለሳል፤ «የዚያ አገር ሰው በዘሩ አጭር ነው» የሚለው የጨዋታ ቃል ደግሞ ነገሩን ያለ ጥፋተኛ ያስቀረዋል። ይህን ቃል ከጣናው ጓድ መጻሕፍት አንዱንም ገልጠው ከማያውቁ፣ ነገር ግን በደንብ ከተማሩ ሰዎች አፍ ሰምተናል።

በ2015 የታወጀው የሰቆጣ ቃል ኪዳን መቀንጨርን እስከ 2030 ለማጥፋት አስቦ ነበር የተነሣው፤ የሚሠራበትም መለኪያ ከሁለት ዓመት በታች ያለውን ሕፃን አስተኝቶ የሚለካ ሰሌዳ ነው። ጉዳቱ አብዛኛውን የሚደርሰው በዚያ ዕድሜ ነውና ሰሌዳው ከቺፕሪያኒ ሜትር ይልቅ ተገቢውን ሰው ያገኛል። ከ2020 ወዲህ በሰሜኑ አገር የተነሡት ጦርነቶች ለዚህ ሥራ ምን ያህል ዕንቅፋት እንደ ሆኑ አንባቢው ያውቀዋል። በ2016 የተቈጠሩት ሕፃናት ከ2029 እስከ 2034 ባሉት ዓመታት ውስጥ ዐሥራ ስምንት ዓመት ይሞላቸዋል። ያን ጊዜ ወደ ዘንዘልማ ሜትር ይዞ የሚመጣ ተመራማሪ፣ ከቁመቱ አጠገብ የተወለዱበትን ዓመት፣ የእናታቸውን ቁመት፣ የጠጡትን ውኃና በቤታቸው የነበረውን ድስት ብዛት ይጠይቅ።