«ቢታይ» የሚል እርማት

የማሽላ አመራረት መመሪያ እያዘጋጀን ሳለ አዲስ የተቀጠረች ባለሙያ ላፕቶፗን ይዛ መጣች። ሦስት ባልደረቦቼ በጋራ ያረሙት ሰነድ ዳር እስከ ዳር አስተያየት ሞልቶታል። «ጋሼ፣ ከዚህ ሁሉ የግዴን የምቀበለው የቱን ነው? የቱንስ ብተወው አይቀየሙኝም?» አለችኝ። ጥያቄዋ የአላዋቂ ጥያቄ አልነበረም። ጉድለቱ የኛ የአራሚዎቹ ነው።

ጉግል ዶክስም ሆነ ማይክሮሶፍት ዎርድ ለየአራሚው የየራሱን ቀለም ይሰጣል። ቀለሙ ማን እንደጻፈው እንጂ ነገሩ ምን ያህል እንደሚከብድ አይናገርም። መጠን ያስተካከለውም፣ ነጠላ ሰረዝ ያዛወረውም ከጎኑ ያችው የመቀበያ፣ ያችው የመጣያ ምልክት አለችው። የከበደውን ከቀለለው መለየት ለጸሐፊው ተትቷል፤ ጸሐፊው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከአራሚው በዕድሜ ወይም በሥልጣን ያነሰ ነው።

አማርኛችን ይህን ያባብሰዋል። «ቢታይ»፣ «ቢስተካከል»፣ «ቢሆን ጥሩ ነው» እንላለን። አለቃ ሲለው ትእዛዝ ነው፤ ባልደረባ ሲለው ምክር ነው፤ ስክሪን ላይ ሲነበብ ግን ድምፁም ፊቱም ስለሌለ ምን እንደሆነ አይታወቅም።

የዛሬ ጥቂት ዓመት የደረሰብኝን ልንገራችሁ። አንድ ረቂቅ ላይ «በጥማድ 100 ኪሎ ማዳበሪያ» የሚል ዐረፍተ ነገር አገኘሁ። ምክረ ሐሳቡ በሄክታር ነበር። አራት ጥማድ አንድ ሄክታር ነውና ለጥማድ የሚደርሰው 25 ኪሎ፣ የአንድ ጆንያ ግማሽ ነው። እንደ ረቂቁ ከሆነ ገበሬው ለግማሽ ጆንያ ማሳ ሁለት ጆንያ ሊገዛ ነው፤ ያውም ብዙውን ጊዜ በብድር። እኔ ታዲያ ጸሐፊውን እንዳላስቀይም ብዬ «ይህ ቁጥር ቢታይ» ብቻ ብዬ አለፍኩ። እዚያው ገጽ ላይ ስለ ቃላት አመራረጥ አሥር ያህል አስተያየት ጽፌ ነበር። ጸሐፊው አሥሩን ተቀብሎ ያችን አንዷን ዘጋት። ስጠይቀው «ቢታይ ብለውኛል፤ አየሁት፤ ትክክል መሰለኝ» አለኝ። እውነቱን ነው። ማተሚያ ቤት ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው ነው የደረስንበት።

ከዚያ ወዲህ አንድ ደንብ አለኝ፤ ማንም ቢከራከረኝ አልለቀውም። አስተያየቴ ሁሉ ከሁለት ቃላት በአንዱ ይጀምራል፦ «እርማት» ወይም «አንድም»። «እርማት» ካልኩ ምክንያቱን በአንድ ዐረፍተ ነገር አስቀምጣለሁ፤ ጸሐፊው ካልተስማማ ማስረጃ ይዞ ይመጣል እንጂ ዝም ብሎ አይዘጋውም። «አንድም» ካልኩ ያለ ምንም ማብራሪያ ሊጥለው ይችላል፤ እኔም ዳግመኛ አላነሳውም። «ግራና 1» የሚለውን የማሽላ ዝርያ ስም ቁጥሩን ጥሎ «ግራና» ብሎ የጻፈ እርማት ይገባዋል፤ ግራና አገርም ነውና። «አቀንጭራን መከላከል» ያለውን «አቀንጭራን መቆጣጠር» ይሁን ማለት ግን አንድም ነው።

አንድ የአዲስ አበባ ባልደረባዬ ይህን አይወድም። «ሁሉንም በትሕትና አቅርብ፤ አስተዋይ ጸሐፊ ራሱ ይለየዋል» ይላል። እኔ ግን ስህተትን በምክር ልብስ ሸፍኖ ማቅረብ ትሕትና አይመስለኝም፤ ኃላፊነትን ወደ ታናሹ ማሻገር ነው። የጉግል የኮድ ግምገማ መመሪያ እንኳ ገምጋሚው የአስተያየቱን ክብደት በግልጽ እንዲለይ፣ ለጥቃቅኑ ነገር «ኒት» የሚል ቃል እንዲያስቀድም ይመክራል። መሣሪያውን የሚሠሩት ሰዎች ቀለም እንደማይበቃ ያውቃሉ ማለት ነው።

እኛም ብንሆን ጥንት እናውቀው ነበር። በልጅነቴ ንባብ ቤት የኔታ በግእዝ ተነሽ የሚባለውን ቃል ወዳቂ አድርጌ ሳነብ «ምን ይመስልሃል?» አላሉኝም፤ አቁመው አስደገሙኝ። የመጻሕፍት ትርጓሜ ላይ ግን መምህሩ «አንድም» እያለ ሌላ ፍቺ ሲጨምር የቀደመውን አይሽርም፤ ሁለቱም ጎን ለጎን ይቆማሉ። በዐረብኛ የእጅ ጽሑፍ ልማድም ገልባጩ የዘለለው ቃል ኅዳግ ላይ ሲገባ «ሶሐ»፣ ልክ ነው፣ የሚል ምልክት ይደረግበታል፤ ከጽሑፉ እንዲቆጠር። ሐተታ ከሆነ ግን ሓሺያ ነው፤ ሐተታነቱ ይታወቃል።  መጽሐፍ የሚገለብጥ ሰው ይህን ልዩነት ካልጠበቀ መጽሐፉ ይበላሻል።

የኛም መመሪያ እንደዚያው ሊበላሽ ይችላል፤ ለእኔ የማረም ሙያ ከቃላት በላይ የሆነው በዚህ ነው። ከወልድያ ወደ መርሳ ስወርድ፣ ሲሪንቃን አልፌ፣ መንገዱ ዳር ማሽላው በመስመር ቆሞ አያለሁ። ያን መስመር የሚያሰምረው ገበሬ በመስመሮች መካከል 75 ሳንቲ ሜትር ተው የሚለውን ቁጥር ከኛ ነው ያገኘው፤ አምኖን ነው። የጸሐፊው ነፃነት በቋንቋው ላይ ነው፤ በቁጥሩ ላይ ማንም ነፃነት የለውም፤ እኔም ጭምር።

ለልጅቷ የመለስኩላት ይህንኑ ነው። አስተያየቶቹን መልሰን ከፍተን አንድ በአንድ ስም ሰጠናቸው፤ እርማት የሆኑት አራት ብቻ ነበሩ። እናንተም ነገ የሰው ሰነድ ስትከፍቱ፣ ከመጻፋችሁ በፊት እርማት ይሁን አንድም ለራሳችሁ ወስኑ፤ የወሰናችሁትንም በመጀመሪያው ቃል ጻፉት።