ከዶንጋ በፊት የሚሠራው ሥራ

ስለ ዶንጋ፣ ስለ ሱሪ ብሔረሰብ የዱላ ግጥሚያ፣ ሲወራ የሚነሳው ምቱ ነው። ሁለት ጎረምሶች፣ ሁለት ረጃጅም በትሮች፣ ደምና ጩኸት። ፎቶ አንሺውም ወደ ኪቢሽ የሚወርደው ያችን ቅጽበት ፍለጋ ነው። እኔን የሚያስደንቀኝ ግን ከዚያ በፊት ባሉት ቀናት የሚሠራው ሥራ ነው። ግጥሚያው በደቂቃዎች ያልቃል፤ በትሩ ግን በጥድፊያ አይሠራም።

ኪቢሽ የሱሪዎች አገር ናት፤ በምዕራብ ኦሞ ዞን ትገኛለች። በ2014 ዓ.ም. የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ሲመሠረት ዞኑ ከካፋ፣ ከሸካ፣ ከቤንች ሸኮ፣ ከዳውሮና ከኮንታ ጋር በአንድ ክልል ታቀፈ፤ ቦንጋም ከክልሉ መቀመጫ ከተሞች አንዷ ሆነች። ከቦንጋ የቡና ደን ተነስቶ በሚዛን በኩል ወደ ደቡብ ለሚወርድ ሰው ጫካው እየሳሳ፣ አየሩ እየሞቀ ይሄዳል። መጨረሻው ከብት የሚውልበት ሣራማ ቆላ ነው። የዶንጋ እንጨት የሚቆረጠውም እዚያ ነው።

ዛፉ የእኛ ገበሬ ለንቋጣ ብሎ ከሚያውቀው ዛፍ ጋር አንድ ወገን ነው። እ.ኤ.አ. ከ1969 ጀምሮ የሱሪዎችን ጎረቤቶች ሙርሲዎችን ያጠናው አንትሮፖሎጂስት ዴቪድ ተርተን ጎረምሶቹ ለዱላ ግጥሚያ የሚመርጡት ይህንኑ ወገን መሆኑን መዝግቧል። ምርጫው ያለ ምክንያት አይደለም። በትሩ ሁለት ሜትር ግድም ነው፤ ከሰው ቁመት ያልፋል። የሚያዘውም በሁለት እጅ ከሥሩ ነው፤ ግራ እጅ ከላይ፣ ቀኝ እጅ ከታች። ቀሪው ርዝመት ሁሉ ከእጅ ርቆ ይወዛወዛል ማለት ነው። እንዲህ ባለ አያያዝ ሥሩ ላይ ያለች ትንሽ ጥመት ጫፉ ላይ ስትደርስ ትልቅ ስህተት ትሆናለች።

ስለዚህ ከትልቅ ግንድ የተፈለጠ እንጨት ለዶንጋ አይመችም። ሲፈለጥ ጅማቱ የሆነ ቦታ ላይ ይቆረጣል፤ የተቆረጠበት ቦታ ደግሞ በሌላ በትር ሲመታ የሚሰበርበት ቦታ ነው። የሚፈለገው ቀጥ ብሎ ያደገ ለጋ ግንድ ነው፤ ጅማቱ ከሥር እስከ ጫፍ ሳይቋረጥ የሚሄድ። ቅርፊቱ እርጥብ ሳለ ይላጣል። ጉጡ ይላጫል፤ በጣም ከተላጨ ግን እዚያው ላይ ይሳሳል። ከዚያ ቅባትና እሳት ይመጣሉ። የሞቀ እርጥብ እንጨት ለእጅ ይታዘዛል፤ ጥመቱ በጉልበት ጫን ሲያደርጉት ይቃናል፣ ሲበርድ በተቃናበት ይጸናል። ቅባቱ ደግሞ እርጥበቱ ቀስ እያለ እንዲወጣ ያደርጋል። በአንድ ጊዜ የደረቀ እንጨት ይሰነጠቃል። የእኛም እረኛ ዱላውን ቅቤ ቀብቶ ጭስ ላይ የሚያገላብጠው ለዚሁ ነው። ጫፉ በወንድ ብልት አምሳል የሚቀረጽበትም አለ።

የበትሩ ጥራት የሚለካው በጥንካሬ ብቻ አይደለም። በጣም የገረረ እንጨት የምቱን ንዝረት ለባለቤቱ እጅ ይመልስለታል፤ በጣም የለዘበው ደግሞ ከእጁ ኋላ ይቀራል። ትክክለኛው በሁለቱ መካከል ነው፤ ያንን ቦታ የሚያገኘው እጅ ነው። ለዚህ ነው የተሠራን የዶንጋ በትር እንደ ጥሬ ዱላ የሚያይ ሰው የሚያሳዝነኝ።

መከላከያውም የእጅ ሥራ ነው። ሱሪዎች ብዙ ጊዜ እርቃናቸውን ወይም በጥቂት መከላከያ ይገጥማሉ። ሙርሲዎች ግን ቱሞጋ የሚሉት ሙሉ ትጥቅ አላቸው። የተጎነጎነ የእጅ መከላከያ፣ ለክርንና ለጉልበት ከቃጫ የተጠመዘዘ ቀለበት፣ ለቅልጥም ቆዳ፣ ደረት ላይ የነብር ቆዳ፣ ወገብ ላይ የከብት ቃጭል። ቀለበቱን አስተውሉት። ክርን ሳይታጠፍ በትር አይሰነዘርም፤ ስለዚህ ለመታጠፍ የላላ፣ ምት ለመቀበል የጠበቀ መሆን አለበት።

ሰውነትም ይዘጋጃል። የሱሪ ተጋጣሚ ከዛፍ ልጣጭ የተበጠበጠ መራራ ውኃ ጠጥቶ ያስመልሰዋል፤ ሆድን ያጠራል ይባላል። ከላም አንገት በቀስት የተቀዳ ትኩስ ደምም ይጠጣል። ላሟ አትሞትም፤ ቁስሉ ይደፈንና ወደ መንጋዋ ትመለሳለች። ለዚህ ደግሞ ቀስቱን የሚሰድደው ሰው እጅ ልኩን ማወቅ አለበት።

ከዚያ ቀለሙ። ነጭ አፈር በውኃ ተበጥብጦ መላ አካል ይቀባል፤ ሳይደርቅ በጣት ጫፍ ይሳልበታል። ጣቱ ቀለም አይጨምርም፣ ያነሳል እንጂ፤ መስመሩ የሚወጣው ከራሱ ከቆዳው ጥቁረት ነው። አፈሩ ከደረቀ ጣቱ መስመር ሳይሆን ጭረት ይተዋል፤ ስለዚህ ማመንታት አይቻልም። ጀርባውን የሚስልለት ጓደኛው ነው።

ከግጥሚያ በፊት ያለው ዝግጅት ራሱ ሥራ መሆኑን ታይላንዳውያን በደንብ ይረዱታል ብዬ አምናለሁ። እዚያ ሙዋይ ታይ የሚባለው የአገሩ ፍልሚያ ጓንት ከመልበሱ በፊት እጅ የሚጠቀለለው በጥጥ ገመድ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጨረሻ በአንድ ግጥሚያ ሰው ከሞተ በኋላ ነው ጓንቱ ገመዱን የተካው። ዛሬም ከግጥሚያው በፊት ባለው የመጨረሻ ሳምንት ከባዱ ልምምድ ይቀንሳል፣ ክብደት ይስተካከላል፣ ጡንቻው በዘይት ይታሻል። ሞንግኮን የሚሉትን የራስ መታጠቂያ አስተማሪው ራሱ በተማሪው ራስ ላይ ያስቀምጣል፤ የሰላምታው ውዝዋዜ ሲያበቃም ራሱ ያነሳለታል። የባንኮኩ ራጃዳምነርን ስታዲየም ከተከፈተበት እ.ኤ.አ. ከ1945 ጀምሮ ይህ በብርሃንና በሕዝብ ፊት ይደረጋል፤ ከምቱ ጋር ዝግጅቱም ይከበራል።

ዶንጋም ልክ አለው። የወደቀ ሰው አይመታም፤ ዳኛ በመካከል ይቆማል፤ መግደል ክልክል ነው፤ የገደለ ወገን ካሣ ይከፍላል። እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ከሱዳን ጦርነት የመጣው አውቶማቲክ ጠመንጃ አካባቢውን ሲያጥለቀልቅ የተናጋው ይህ ልክ ነው። ጠመንጃ ተገዝቶ የሚመጣ ነው፤ ማንም ከእንጨት አልመረጠውም፣ ማንም በእሳት አላቃናውም።

የሙርሲዎች የግጥሚያ ትጥቅ ኦክስፎርድ ውስጥ በፒት ሪቨርስ ሙዚየም ይገኛል። ብሔራዊ የቡና ሙዚየም ያላት ቦንጋም ለዶንጋ አንድ ግድግዳ ብትሰጥ እወዳለሁ። ያለቀውን በትር ብቻ ሰቅሎ መተው አይበቃም፤ ከጎኑ ያልተላጠው ግንድ ይቁም፣ ግማሽ የተቃናው ይቁም፣ የተሰነጠቀውም ይቁም። ከነዚህ አጠገብ ደግሞ በትር የሚሠራ የሱሪ ሰው በራሱ ቋንቋ ሲያስረዳ ይሰማ፣ የአማርኛው ትርጉም ከሥር ይጻፍ።