ለቤት ኔትወርክ አንድ መልስ ሰጪ ይበቃል

አብሮኝ የሚሠራ ልጅ በቀደም አንድ ግቢ ውስጥ ራውተር እያስተካከለ ሳለ «ጋሼ፣ ሁለተኛው ዲኤንኤስ ላይ 8.8.8.8 ልሙላበት አይደል?» አለኝ። ጥያቄው ለወጉ ያህል ነበር፤ የመጀመሪያዋን ስምንት ጽፏታል። «ተወው፣ ባዶ ይሁን» ስለው ደንገጥ አለ። «አንደኛው ቢሞትስ?» ይህቺን «ቢሞትስ» ያልጠየቀኝ ባልደረባ የለም ማለት ይቻላል። ከልጁ ጋር መንገዱን ሙሉ ስንከራከር መጣን፤ ዛሬም ያመነኝ አይመስለኝም። ስለዚህ ነገሬን ዘርዘር አድርጌ ልጻፈው።

መሣሪያን በቁጥር ከመጥራት በስም መጥራት ለምን እንደሚሻል፣ ለካሜራው መቅረጫና ለፕሪንተሩ አድራሻ የሚያዘው ለምን ራውተሩ ላይ እንደሆነ፣ ይህን ለምታነቡ የሙያ ጓደኞቼ አልደግምላችሁም። ጠቤ ከአንዲት ሳጥን ጋር ብቻ ነው፤ «ሁለተኛ ዲኤንኤስ» ከምትለዋ።

ብዙ ሰው ያቺ ሳጥን ተጠባባቂ ናት ብሎ ያምናል፤ አንደኛው ዝም ሲል ብቻ የምትጠየቅ። ኮምፒውተሮቹ ግን እንዲህ ብለው አልማሉም። ዊንዶውስ አንደኛውን ጠይቆ አንድ ሰከንድ ያህል መልስ ካጣ ወደሌሎቹ ይዞራል። በብዙ ሊኑክሶች ላይ ያለው ሲስተምዲ ሪዞልቭድ አንዴ ወደ ሁለተኛው ከተሻገረ፣ ያኛው እስኪያስቸግረው ድረስ እዚያው ይከትማል። አልፓይን ሊኑክስ ደግሞ ለሁሉም ባንድ ጊዜ ይልክና ቀድሞ የደረሰለትን ይቀበላል። ስለዚህ ራውተሩ ለቅጽበት ቢጨናነቅ ወይም መብራት ሄዶ ቢመለስ፣ የቤታችሁ ፕሪንተር ስም ባሕር ተሻግሮ ይጠየቃል። እዚያ ያለው ሰርቨር ደግሞ ዝም አይልም፤ «እንዲህ የሚባል ስም የለም» ብሎ ይመልሳል። ነገር የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። «የለም» ሙሉ መልስ ነው፤ ጠያቂው ያንን ከሰማ ወደ አንደኛው ተመልሶ አያጣራም። ፕሪንተሩ መብራቱን አብርቶ ከጎኑ ተቀምጦ ሳለ የለም እንደተባለ ይቀራል። ከሩብ ሰዓት በኋላ ደግሞ ምንም ሳትነኩት ይሠራል። ብልሽት ሁሉ ይምጣ፤ እንዲህ ያለውን አንዴ የሚታይ አንዴ የሚሰወር ብልሽት ግን ለጠላቴም አልመኝም።

አዲስ አበባ ውስጥ የሰው ቤት የምናገኘው ጠይቀን ነው። የሰፈሩ ባለሱቅ «የአቶ እገሌ? ከወፍጮ ቤቱ ቀጥሎ፣ ሰማያዊው በር» ይላችኋል። ያንኑ ጥያቄ መርካቶ መሀል ለቆመ ደላላ ብታቀርቡለት፣ ከተማውን እንደ እጁ መዳፍ ቢያውቀውም እኒያን አቶ እገሌን አያውቃቸውም። ጥፋቱ የደላላው አይደለም፤ ሁለቱን እኩል ተጠያቂ አድርጎ ያሰለፋቸው ሰው ነው።

ዲኤንኤስ ሲነደፍ የተጠያቂዎች ዝርዝር የእኩዮች ዝርዝር ነበር። ከዲኤንኤስ በፊት የኮምፒውተሮች ስም ሁሉ በካሊፎርኒያው ኤስአርአይ የምርምር ተቋም በተያዘ አንድ ፋይል ውስጥ ነበር፤ ሁሉም ከዚያ እየቀዳ ይወስዳል። ፖል ሞካፔትሪስ እ.ኤ.አ. በ1983 ያወጣው ንድፍ ዝርዝሩን በትኖ ለየባለቤቱ ሰጠው፤ ስለ አንድ ስም የመጨረሻውን ቃል የሚናገረው ስሙን የያዘው ሆነ። በዚህ ንድፍ የትኛውንም ሰርቨር ብትጠይቁ የሚመጣው መልስ አንድ ነው ተብሎ ይታሰባል፤ ሁለትና ሦስት መደርደር ጉዳት የሌለው ለዚህ ነው። የጓዳችን ስም ግን ከአጥር ውጭ ባለቤት የለውም። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2009 የከፈተው 8.8.8.8፣ ክላውድፍሌር በ2018 ያመጣው 1.1.1.1 ስለ ዓለሙ ቢጠየቁ አይታሙም። ስለ እኛ ጓዳ ግን የሚናገሩት ሁሉ «የለም» ነው፤ ያውም በሙሉ ልብ።

ተከራካሪዎቼ ሁለት ጥሩ ክርክር አላቸው። አንደኛው ከሰነድ የመጣ ነው፦ እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣው አርኤፍሲ 2132 በዲኤችሲፒ የሚታደሉ ሰርቨሮች በምርጫ ቅደም ተከተል ይደርደሩ ይላል። እውነት ነው፣ ይላል። የሚናገረው ግን ስለሚያድለው ነው፤ ተቀባዩ ቅደም ተከተሉን እንዴት እንደሚያከብር ከላይ አይታችኋል።

ሁለተኛው የልጁ «ቢሞትስ» ነው። ስም የሚመልሰው ራሱ ራውተሩ ከሆነ፣ በብዙ የቤት ራውተሮች ውስጥ እንደሚሠራው የሳይመን ኬሊ ዲኤንኤስማስክ፣ ራውተሩ ሲሞት መስመሩም አብሮ ይሞታል። ታዲያ 8.8.8.8ን በየት በኩል ሊደርሱበት ነው? ራስበሪ ፓይ ላይ ፓይ ሆል ተክላችሁ ከሆነም ከራውተሩ ጋር በአንድ ዩፒኤስ ላይ ሰኩት። ይህም ካላረካችሁ ሁለተኛ ፓይ ግዙና የመጀመሪያው የሚያውቀውን ሁሉ አስተምሩት። ያኔ ሳጥኗን ሙሏት፤ አልከለክልም።

ሳጥኗን ባዶ መተው ብቻውን አይበቃም፤ ሁለተኛው መልስ ሰጪ በመስኮትም ይገባል። አንድሮይድ ከ9 ጀምሮ «ፕራይቬት ዲኤንኤስ» የሚል ምርጫ አለው፤ እዚያ ላይ የሌላ ሰርቨር ስም የጻፈ ስልክ የቤቱን ዲኤንኤስ አይጠይቅም። ብራውዘሮችም የራሳቸውን መንገድ ይዘው ሊሄዱ ይችላሉ። ራውተሩ በአይፒቪ6 በኩል ሌላ ሰርቨር እያስታወቀ እንዳይሆንም እዩት፤ በአይፒቪ4 የዘጋችሁት በር በዚያ ወለል ብሎ ይጠብቃችኋል። ስለ ስሙ መጨረሻ አጭር ቃል ልበል፦ ዶት ሎካልን አትንኩ፤ እ.ኤ.አ. ከ2013 ወዲህ የኤምዲኤንኤስ ነው። ኤምዲኤንኤስ በ224.0.0.251 ላይ ለሁሉም ይጣራል፤ ጥሪው ግን ራውተር አያልፍም። ሰርቪስ ቤቱ ላይ ሁለተኛ ራውተር በተሰካበት ግቢ ውስጥ ከዋናው ቤት የተጠራ ስም ሰርቪስ አይደርስም። በ2018 አርኤፍሲ 8375 ለቤት ኔትወርክ ብሎ የለየው ሆም ዶት አርፓ አለላችሁ፤ ረዘመ ለሚል ደግሞ አይካን በ2024 ለግል አገልግሎት ያስቀመጠው ዶት ኢንተርናል።

ቤታቸው ውስጥ የሂሳብ ሥራ የሚሠሩ አንዲት ደንበኛ አሉኝ። ፕሪንተራቸው በወር መጨረሻ፣ ሥራ በሚበዛበት ሰዓት፣ ይጠፋባቸዋል። ከእኔ በፊት የነበረው ባለሙያ ዕቃው አርጅቷል ብሎ አዲስ አስገዛቸው። አዲሱም ጠፋ። ሦስተኛ ሊገዙ ሲሉ ነው የተጠራሁት። «የኔ ልጅ፣ ይሄ ቤት ፕሪንተር አይወድም መሰለኝ» አሉኝ፤ ቀልድም ምሬትም ነበረበት። ሁለተኛዋ ሳጥን ውስጥ ያንን የምታውቁትን ቁጥር አገኘሁና አጠፋሁት። አሮጌው ፕሪንተር ከዕቃ ቤት ወጥቶ አቧራው ተጠረገ፤ እስከ ዛሬ ያትማል። እኔን የቆጨኝ ከገንዘቡ ይልቅ ደህና ዕቃ ሞተ መባሉ ነው። ባለሙያው ምክንያቱን አላወቀም፤ «አላውቅም» ማለት ከበደውና ፍርዱን ፕሪንተሩ ላይ ጣለው።

ይህን ጠባይ ከልጅነቴ አውቀዋለሁ። ሥራ የጀመርኩት በዳያል አፕ ዘመን፣ አንድ ኢንተርኔት ካፌ ውስጥ ነው። ባለቤቱ ያልገባውን ነገር ሁሉ «አይሠራም» ብሎ ይዘጋዋል፤ ደንበኛው አምኖ ይወጣል። «አይሠራም» እና «አላውቅም» የተለያዩ መሆናቸውን ሳልረዳ ብዙ ዓመት እኖር ነበር፣ ይህ የስም ሥራ ባይገጥመኝ። የዲኤንኤስ ሰርቨር «የለም» የሚልበት መልስ አለው፤ «ላገኘው አልቻልኩም» የሚልበት ሌላ መልስ አለው፤ «እኔ ሳልሆን እገሌ ነው የሚያውቀው» ብሎ የሚመራበትም አለው። ሦስቱን አያቀላቅልም። ሥርዓቱን የነደፉት ሰዎች ይህን ሁሉ ልዩነት በጥቂት ቢት ውስጥ አስቀምጠውታል። እኛ ግን በሙሉ አፋችን ስንናገር እናደበላልቀዋለን።

ከዚያ ወዲህ ለደንበኛ «አላውቅም፣ የሚያውቅ ልጠይቅልዎ» ለማለት አላፍርም። በእኛ ሙያ ይህ ቃል ያስንቃል ይባላል። አንዳንዱ ንቆኝ ሄዷል፤ የቀሩት ግን ነገ ዕቃችሁ ሞቷል ብላቸው ያምኑኛል። ለልጁም ከሳጥኗ ይልቅ ላስተምረው የምፈልገው ይህንን ነው፤ ግን መጀመሪያ ሳጥኗን ይማር።

ለሙያ ጓደኞቼ አንድ ልመና አለኝ። ሥራችሁን ጨርሳችሁ ከግቢው ከመውጣታችሁ በፊት ከውጭ የሚገባውን መስመር ንቀሉት። ከየስልኩና ከየኮምፒውተሩ ካሜራውንም ፕሪንተሩንም በስማቸው ጥሩ። ከዚያ መስመሩን መልሳችሁ ሰኩና ድገሙት። በሁለቱም ጊዜ አንድ ዓይነት መልስ ካልመጣ ሥራው አላለቀም፤ ሂሳብ አትቀበሉ።