ከክረምት በፊት ቤትን መዞር
በአርዲቦ ሐይቅ ዙሪያ ዝናብ ሁለት ወቅት አለው፤ በልግና ክረምት። ሰኔ ሳይገባ የጭቃ ቤትን ዞሮ ማየት እጅግ የማደንቀው ልማድ ነው። ዓይን ቀድሞ መውረድ ያለበት ወደ ቋሚው እግር ነው። ባሕር ዛፉ ከመሬት ጋር በሚገናኝበት ቦታ እርጥበትና ምስጥ ይተባበሩበታል፤ ምርጊቱ ከላይ ደህና መስሎ እንጨቱ ውስጡ ባዶ ሊሆን ይችላል። በዱላ ጫፍ መታ ሲያደርጉት ጤነኛው ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ የተበላው ግን ድምፁ ይታፈናል። በግድግዳው ላይ ሽቅብ የሚሳብ ቀጭን የአፈር መስመር ከታየ ምስጥ መንገድ ሠርቷል ማለት ነው። የላላ የቆርቆሮ ሚስማር፣ በጓሮ በኩል የተደፈነ ቦይም አይታለፉም። ቤት ሊገዛ የመጣ ሰውም ዋጋ ከመነጋገሩ በፊት እንዲሁ ይዙር፤ አዲስ የተቀባ ግድግዳ ካየማ ይበልጥ ይጠርጥር።